የእናቴ ሚስት በካርታው ላይ

ሞምባሳ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1988

እማዬ፣

ወረቀት ያነሳሁት ጤናሽን ልጠይቅ ነበር፤ ከባድ ነገር ስለያዘኝ ግን ሰላምታው አጭር ቢሆን አትቀየሚኝ። እንደምን ከረምሽ? ላሞቹስ? እኔ ደህና ነኝ። አማችሽ ኪፕሳትም ደህና ነው፤ ወደቡ ላይ ሥራ በዝቶበታል። አድራሻሽን ለምን ለወጥሽ ላልሽኝ፣ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ ስለሚጠፋ ነው በምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሳጥን ቁጥር ጻፊልኝ ያልኩሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአባቴ ወንድም፣ የአጎቴ የኪማሩ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቴም ያው ነው። "እናትሽ ሚስቷን የመሬቱ ካርታ ላይ ልታስገባ ነው" ይላል። እሱ ብቻ ቢሆን እኮ ደግ! "ከሁለቱ አንዷ ስትሞት መሬቱ በሙሉ በሕይወት ላለችው ይሆናል፣ ዘመድም ፍርድ ቤትም አይገባበትም" ተብሎ ነው የሚመዘገበው አለኝ። እማዬ፣ አንቺ ስልሳ ሦስት ዓመትሽ ነው። ሚስትሽ ጄሜሊ ሃያ አራት። ማን ቀድሞ እንደሚሞት ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ሚስት ስታገቢ ምን አልኩ? አባቴ ወንድ ልጅ ሳያገኝ ሞተ፤ ቤቱ እንዳይዘጋ መበለቲቱ ባል ሆና ሚስት አግብታ ልጅ ማስወለድ የእኛ የናንዲዎች ወግ ነው፤ ይሁን አልኩ። ለእኔ በመጡት የጥሎሽ ላሞች አገባሻት፤ እሱንም ይሁን አልኩ። አምና ስመጣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ "አባባ! አባባ!" እያሉ ሲጠመጠሙብሽ፣ አንቺም ውኃ መቅዳቱን እርግፍ አድርገሽ ትተሽ ከሽማግሌዎቹ መሐል እግርሽን ዘርግተሽ ጠላ ሲቀዳልሽ አየሁ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። የልጆቹ ወላጅ ማነው ተብሎ አይጠየቅም፤ አልጠየቅኩም።

መሬቱ ግን! የሻይ ተክሉን ከአባቴ ጋር ጎንበስ ቀና ብዬ የተከልኩት እኔ ነኝ። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምለው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ያቺ ስትመጣ የወተት ቅል ማጠን እንኳ የማታውቅ፣ ከአባቷ ቤት ረሃብ ያባረራት ቀላዋጭ ጌታ ትሁንበት? ይህን የሚያነብልሽ ሰባኪው ነውና እሱም ይቅር ይበለኝ። ቢሆንም አንድ ቃል ሳይዘልል ያንብብልሽ።

ልጅሽ ጄላጋት


ካፕቶሮይ፣ ፌብሯሪ 2 ቀን 1988

ለልጄ ለጄላጋት፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ ላሞቹም ሰላም ብለውሻል። ሰባኪው ወደ ኪሱሙ ከተዛወረ ዓመት አለፈው። ከዚያ ወዲህ የምታነብልኝም የምትጽፍልኝም ጄሜሊ ናት። ሰባተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ አንቺ ጠይቀሽ አታውቂም እንጂ። ይኸኛውንም ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ እሷው ናት፤ እንዳዘዝሽውም አንድ ቃል አልዘለለችም። "ቀላዋጭ" የሚለው ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ቀጠለች። እኔን ላብ አጠመቀኝ። እሷ ግን ጨረሰችና ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጥታኝ ላሞቹን ልታልብ ወጣች።

አጎትሽ የጻፈልሽ እውነት ነው። ሐሙስ ለት የመሬት ቦርዱ ፊት ቀረብን። የወረዳው ሹም አዲስ ነው፣ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው። ቅጹን ገለባበጠና "ባልየው የታለ?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"አይ እማማ፣ ባልየውን ነው የምልዎት።"

"ጆሮህን ያምሃል እንዴ ልጄ? እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔን አየ፣ ጄሜሊን አየ፣ ጣራውን አየ። ሽማግሌው አራፕ ቡሲኔይ "ጌታዬ፣ እሷ እኛ ዘንድ ወንድ ናት፤ ሰዓታችንን አትግደል፣ ዝም ብለህ ጻፍ" አለው። ጸሐፊው "ባል" ከሚለው ፊት ታፕኪገን ብሎ ስሜን ሲጽፍ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብቻ ፈቀዱልን። አሁን የቀረው ካፕሳቤት መዝገብ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ነው።

ለምን አልሽኝ። አጎትሽ ከአሁኑ አጥሬን በእርምጃ እየለካ ነው። እኔ ስሞት ፍርድ ቤት ሄዶ "የሴት ሚስት ሚስት አይደለችም" ይላል፤ ዳኛው ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ስሟ ከስሜ ጎን ካርታው ላይ ካለ ግን የማን ሚስት ነሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። በሕይወት ያለችው ባለቤት ናት፣ አለቀ። ልጆቹም ከቤታቸው አይወጡም።

አንቺ የባልሽ ቤት አለሽ። ልጄ፣ አንቺ የምትቀበሪው እንኳ እዚያ ነው። ይልቅስ ኪፕሳት ምን ሆኖ ነው እንደ ድሮው ከደብዳቤሽ ግርጌ አንድ ቃል የማይጨምረው?

እኔ ደህና ነኝ። (እዚህ ላይ ጄሜሊ መጻፏን አቁማ ታየኛለች። ደህና ነኝ ብለሽ ጻፊ ብያታለሁ።)

እናትሽ


ሞምባሳ፣ ፌብሯሪ 14 ቀን 1988

እማዬ፣

በመጀመሪያ ጄሜሊን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዬን ራሷ እንደምታነበው ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አልጽፍም ነበር። ሳላስበው ነው የጻፍኩት ማለት ግን አልችልም፤ ውሸት ይሆናል። ጄሜሊ፣ ይኸንንም አንብቢላት።

እማዬ፣ ጸሐፊሽ እንደሆነች ስሰማ መርፌው ጣቴ ውስጥ ገባ። ዓመት ሙሉ "ልጄ ናፍቀሽኛል" የሚለውን ስስም የከረምኩት የእሷን እጅ ጽሑፍ ነው?

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የእኔንም ስም ሦስተኛ አድርጊው። የእሷን አታንሺ፣ ልጆቹንም ማንም አያባርራቸውም፤ እኔን ከሥር አስገቢኝ። ይኸ ካልሆነ ደግሞ እስክመጣ ካፕሳቤት አትሂጂ። ለፋሲካ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ኪፕሳት ደህና ነው። የማይጽፈው እጁን አሞት ነው።

ጄላጋት


(በዚሁ ቀን የተጻፈ፤ ያልተላከ)

እማዬ፣ እውነቱን ብነግርሽ ምን ትያለሽ? ኪፕሳት እጁን አላመመውም። ስምንት ወር ሆነው፣ ሌላ ሴት አምጥቶ የበሩን ቁልፍ ለውጦብኛል። ልብሴን በፌስታል አድርጎ ደጅ ላይ አስቀመጠልኝ። አሁን የማድረው ስፌት ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ነው። የሱቁ ባለቤት ደግ ሴት ናት፤ ኪራይ አትጠይቀኝም፣ ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ሱቁን እጠርግላታለሁ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ከተናገርኩ ጋብቻው ፈረሰ ይባላል፤ የኪፕሳት አባት ላሞቼን መልሱ ብሎ ይመጣል። ላሞቹ ደግሞ የታሉ? የጄሜሊ አባት በረት ውስጥ ናቸው። እነሱ ከወጡ እሷም ሚስትሽ አይደለችም፣ ልጆቹም የቤታችን ልጆች አይደሉም። አየሽ ጉዱን? ያንቺ ትዳር እንዳይፈርስ እኔ የፈረሰ ትዳሬን ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ። አንቺ ደግሞ "የባልሽ ቤት አለሽ" ትይኛለሽ።

እናገራለሁ ብዬ ደፍሬ ነበር። ግን ይህን የሚያነብልሽ የጄሜሊ አፍ ነው። እንዴት ብዬ ልላክልሽ?


ካፕቶሮይ፣ ማርች 10 ቀን 1988

ለልጄ ለጄላጋት፣

ብትቀየሚኝም እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ወረቀቱን አትቅደጂው። ካርታው ወጥቷል። ማክሰኞ ካፕሳቤት ሄደን ጄሜሊም እኔም ፈረምን። ሳልጠብቅሽ አልሄድም ነበር፤ ነገር ግን መጠበቁ አልተመቸኝም፣ ለምን እንዳልተመቸኝ አትጠይቂኝ።

ሦስተኛ ስም ያልሽውን አስቤበታለሁ፤ እንዳላሰብኩ አትቁጠሪኝ። የመዝገብ ቤቱንም ሰው ጠይቄዋለሁ። ያገባች ልጅ ስም ከገባ የባሏም እጅ ተከትሎ ይገባል። ኪፕሳት ጥሩ ሰው ነው፤ አባቱን ግን አውቃቸዋለሁ፣ የሰው አጥር አይተው አያልፉም። ባል የሌለሽ ብትሆኚ ነገሩ ሌላ ነበር። ስለ ኪፕሳት ጠየቅኩሽ፣ ደጋግመሽ ደህና ነው አልሽኝ። ቃልሽን አምኜ ፈረምኩ።

ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ለፋሲካ ስትመጪ ኪፕሳትንም ይዘሽው ነይ፤ ደጉን ወተት አስቀምጬለታለሁ።

እናትሽ

እኔ ጄሜሊ ነኝ። ይህን የምጨምረው እሳቸው ወደ ውጭ ስለወጡ ነው። እባክሽ ፋሲካን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ነይ። ምክንያቱን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ነይ ብቻ።


ሞምባሳ፣ ማርች 20 ቀን 1988

ታፕኪገን፣

ወንድ ከሆንሽ አይቀር በስምሽ ልጥራሽ።

ካርታው ወጣ? እንኳን ደስ ያላችሁ። አጎቴም ጽፎልኛል፤ የወረቀቱን ቁጥር ሳይቀር ነግሮኛል። "እናትሽ ያደረገችውን ማፍረስ የምትችይ አንቺ ብቻ ነሽ፣ መጥተሽ ክሰሽ" ይለኛል። እሱንም አልሰማውም። ማንንም አልሰማም። ዱሮም ከዚያ ቤት የሚደርሰኝ አንድ ነገር አለ ብዬ ማሰቤ የኔ ሞኝነት ነው።

ጄሜሊ፣ "ነይ ብቻ" ያልሽው ገብቶኛል። ለካ የቀረ ፊርማ አለ! መሬት አልጠይቅም ብዬ እንድፈርምልሽ ነዋ። አልመጣም። ለፋሲካም አልመጣም።

እማዬ፣ ባል ሆንሽ፣ አባት ሆንሽ፣ ከሽማግሌ ተቆጠርሽ። እናትነቱን ለማን ትተሽው ነው? እኔ ከእንግዲህ እናት የለኝም።

ጄላጋት


ካፕቶሮይ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1988

እህቴ ጄላጋት፣

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አታንብቢው። የሱቁ ባለቤት ካለች አጠገብሽ ትቀመጥ።

እሳቸው ረቡዕ፣ ኤፕሪል 6 ቀን አርፈዋል። ቅዳሜ ቀበርናቸው። በሬዲዮ አስነግረናል፤ አለመምጣትሽን ሳይ እንዳልሰማሽ ገባኝ።

ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ነበር። ከዲሴምበር ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ካርታውን ያጣደፉት ለዚያ ነው። "ብትጽፊላት ሚስቴ አይደለሽም" ብለው አስማሉኝ። እስከ ፋሲካ የሚበረቱ መስሏቸው ነበር፤ ቆመው ሊቀበሉሽ ነበር የፈለጉት።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ዓመት ሙሉ ሳነብላቸው ያልሠራሁትን ያን ቀን ሠራሁ። መጨረሻ ላይ ያለውን መስመር ዘለልኩት። "ይኸው ነው?" አሉኝ። "ይኸው ነው" አልኳቸው። "ተቆጥታለች፤ ቁጣዋ ይበርዳል" አሉ። ያንን መስመር እሳቸው አልሰሙትም። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።

ሲብስባቸው ቴሌግራም ላክንልሽ። በሱቁ ሳጥን ቁጥር ይዘገያል ብለን ለባልሽ መሥሪያ ቤት አደረግነው። ቅዳሜ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ መልስ መጣ። "ጄላጋት እዚህ የለችም፣ ከተለያየን አሥር ወር ሆኖናል" ይላል። መጀመሪያ የተሳሳተ ሰው የመለሰው መሰለኝ። ኪፕሳት የሚለው ስም ግን ተጽፎበታል።

"ምን ይላል?" አሉኝ። አነበብኩት።

"ድገሚው።"

ደገምኩት።

"አሥር ወር? ደህና ነኝ ስትለኝ የነበረችው ከየት ሆና ነው? የት ነው የምታድረው ልጄ?"

አላውቅም አልኳቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀና ማለት ያቃታቸው ሰው ተነስተው ቁጭ አሉ። "ካርታውን አምጪው" አሉ። ሰጠኋቸው። ሊቀዱት ሞከሩ፤ ጣታቸው አልቻለም። እኔም እያለቀስኩ "ቢቀደድም መዝገቡ ካፕሳቤት አለ እኮ" አልኳቸው። "እንግዲያስ ውሰጂኝ፣ ስሟን ላስገባ" አሉ። መዝገብ ቤቱ በበዓሉ ዝግ ነበር። ማክሰኞ መኪና ለምነን ስናመጣ ጎርፉ ድልድዩን ወስዶታል። ረቡዕ ሳይነጋ... ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አጎትሽ ኪማሩ ለሐዘኑ ፀጉራችንን በተላጨን ማግስት መጡ። ካርታው የኔ ብቻ እንደሆነ መዝገብ ቤት ሄደው አረጋግጠዋል፤ በወረቀት መንገድ የለም። ስለዚህ በወግ መጡብኝ። "የወንድሜ ቤት ባሏ የሞተባት ሴት የኔ ናት። እኔ ሚስቴ አድርጌ እወርሳታለሁ" አሉ። እኔን ከወረሱ መሬቱ የት ይሄዳል? ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ሴት በማይናገርበት ቦታ ተነስቼ ተናገርኩ።

"ባሌ ልጅ አላቸው፤ የሚወርሰኝ የባሌ ልጅ ነው እንጂ ወንድም አይደለም" አልኩ።

"የትኛው ልጅ? ያንቺ የሦስት ዓመቱ?" ብለው ሳቁብኝ አጎትሽ።

"ጄላጋት።"

ማንም አልሳቀም። አራፕ ቡሲኔይ ብቻ "ያገባች ልጅ እኮ ናት" አሉ። ቴሌግራሙን ከደረቴ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ይቅር በይኝ፤ ገመናሽን በሕዝብ ፊት ነው ያነበብኩት። ሌላ ነገር እጄ ላይ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ዞር ብለው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ሲመለሱ "ባል ከሌላት እንደ እናቷ ወንድ መሆን ትችላለች፤ ራሷ መጥታ ፊታችን ትናገር" አሉ። ለላሞቹም ነገር፣ ሚስቱን ደጅ አውጥቷት ከሆነ ላም መልሱ ማለት አይችልም ተብሏል፤ ግን እሱንም አንቺው በአፍሽ ማመልከት አለብሽ። እስከ ሜይ 12 ካልመጣሽ አጎትሽ ይወርሱኛል።

አልዋሽሽም፣ ሦስት ቀን ዝም ልል አስቤ ነበር። መሬቱን ማንም አይነካብኝም፤ አጎትሽንም ዱላ ይዤ መከላከል እችላለሁ። ሰድባኛለች፣ ምን አገባኝ አልኩ። በአራተኛው ቀን ሻዩን ስለቅም አንቺ የት እንደምታድሪ አሁንም እንደማላውቅ ትዝ አለኝ፤ ቅርጫቱን ጥዬ የመሬት ቦርዱን ቅጽ ላመጣ ወረድኩ።

ቦርዱ ሜይ 12 ሐሙስ ይቀመጣል። ስምሽ ከስሜ ጎን ይገባል፣ ልክ እሳቸው ለእኔ እንዳደረጉት። እኔ ብሞት ላንቺ፣ አንቺ ብትሞቺ ለእኔ። የዝምድናውን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ባሌ ትሆኛለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ አሳፈረኝ፤ ይኸው ግን ጠየቅኩሽ።

ጄሜሊ


ሞምባሳ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1988

ጄሜሊ፣

ደብዳቤሽን መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ጀመርኩት፣ ወለሉ ላይ ጨረስኩት። የሱቁ ባለቤት ውኃ አርከፈከፈችብኝ። እናቴ ከተቀበረች ሃያ ቀን፣ እኔ የሰው ቀሚስ ስጠልፍ! የት እንደማድር ሳታውቅ ሞተች። እኔም ምን እንዳመማት ሳላውቅ ቀበራችኋት። ሁለታችንም ደህና ነኝ ስንባባል!

ያንን መስመር ስለዘለልሽው እግዚአብሔር ይስጥሽ። ከዚህ በላይ ስለሱ መናገር አልችልም፤ ስንገናኝም አታንሺብኝ።

ጓዜ አንዲት ሻንጣ ናት። እሑድ በባቡር እነሳለሁ፣ ከናይሮቢ በአውቶቡስ። ባል መሆን አላውቅም፤ ሚስትነቱንም ይኸው አይተሽዋል። ታስተምሪኛለሽ። ቅጹ ላይ ባዶ የተውሽውን ቦታ ሙዪው።

ዛሬ ጠዋት ወደቡ በር ላይ ሄጄ ኪፕሳትን አስጠራሁት። ሰው እያለፈ ነበር፤ ይስሙ ብዬ ድምፄን አልቀነስኩም። እናቴ መሞቷንና ወደ ቤቴ መሄዴን ነገርኩት።

"አባቴ ላሞቹን ይጠይቃል" አለኝ።

"ይጠይቅ" አልኩት።

"ማንን ነው የሚጠይቀው? እናትሽ ሞታለች፣ እዚያ ቤት ወንድ የለ።"

"እኔን ይጠይቅ" አልኩት። "የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ።"

ጄላጋት